ጁሃን ሊቅ አታድርጉብኝ፦ ስለ «ግብፃዊው ጁሃ» ድራማ እናውራ

አዲል_ደሴ፦

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ቱርክ ድራማ የተከፈተው ክር ተቆጥሮ አያልቅም። ስለ ዐረብኛ ታሪካዊ ኮሜዲ የሚያወራ ግን ጠፋ። እኔ ልጀምረው።

ማውራት የፈለግኩት ስለ «ጎሃ አል-መስሪ» ነው፤ ግብፃዊው ጁሃ። ጁሃ በዐረብ ተረቶች የሚታወቀው ሞኝ የሚመስለው ቀልደኛ ሰውዬ ነው፤ ግብፆች «ጎሃ» ይሉታል። በ2002 እ.ኤ.አ. በረመዳን የወጣ የግብፅ ተከታታይ ድራማ ነው። የጻፈው ዩስሪ አል-ጊንዲ፣ ያዘጋጀው መግዲ አቡ ዑመይራ ነው። ጁሃን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ የህያ አል-ፈኽራኒ። ፈኽራኒ በትምህርቱ ሐኪም ነው፤ ሕክምናውን ትቶ ትወናን መረጠ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት «ለያሊ አል-ሂልሚያ» የሚባለው የግብፅ ድራማ ላይ ሰሊም አል-በድሪን ሆኖ ሲያዝ ሲናዝዝ ነው። ያው ሰውዬ እዚህ ጁሃ ሆኖ መጣ።

ክርክሬ አጭር ነው። ጁሃን የሚጽፍም የሚጫወትም ሰው አንድ ፈተና አለበት። ሞኙን ሰውዬ ቀስ በቀስ ሊቅ ያደርገዋል። መጀመሪያ ያስቃል። ቀጥሎ ይመክራል። በመጨረሻ ቆሞ ይሰብካል። እዚያ ላይ ጁሃ አለቀለት። የጁሃ ውበቱ ሞኝ ይሁን አይሁን አለመለየቱ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላሳያችሁ። የጥንት ዐረብ ጸሐፊዎች ጁሃን የኢራቋ ከተማ የኩፋ ሰው ያደርጉታል። ስሙንም አቡል ጉስን ዱጀይን ይሉታል። በዚያ ዘመን ስሙ ሲጠራ ሰው የሚርበደበድለት አቡ ሙስሊም አል-ኹራሳኒ ነበር። ኡመያ የሚባሉትን ኸሊፋዎች ከሥልጣን ያወረደውን የኹራሳን ጦር የመራው እሱ ነው። ይህ ሰውዬ ኩፋ ሲመጣ «ጁሃን የሚያውቀው ማነው?» አለ። ያቅጢን የሚባል ሰው «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ አስጠራለት። ጁሃ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ያቅጢንና አቡ ሙስሊም። ያቅጢንን በደንብ ያውቀዋል። ወደ እሱ ዞሮ ምን አለው? «ያቅጢን፣ ከሁለታችሁ አቡ ሙስሊም የትኛው ነው?»

አቡ ሙስሊም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ ይባላል።

እስቲ አስቡት። ሞኝ ነው እንዳትሉ፣ የዚያን አስፈሪ ሰውዬ ግርማ በአንድ ጥያቄ አፈር አስገባው። ብልህ ነው እንዳትሉ፣ ብልህ ሰው አንገቱን ለሰይፍ አያቀርብም። ተዋናዩ እዚህ ጋ ትንሽ ፈገግ ካለ፣ ለተመልካቹ በዓይኑ ከጠቀሰ፣ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ፊቱ ባዶ መሆን አለበት። ፈኽራኒን የምወድለትም ለዚህ ነው። ክብ ፊት፣ ከበድ ያለ ሰውነት፣ ለስላሳ ድምፅ። ሲደነግጥ የምር የደነገጠ ይመስላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጁሃ ሞኝ ነው ወይስ ሞኝ መሳይ?

ሰሚራ_ጂዳ፦

ወዐለይኩሙ ሰላም አዲል ወንድሜ። ክሩን ስለከፈትክ አላህ ይስጥልን። በሐሳብህ ግን አልስማማም።

ጂዳ ሰው ቤት ስሠራ ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ቲቪ ፊት ይቀመጥ ነበር። እኔ ቡናና ሻይ እያመላለስኩ በጆሮዬ እከታተላለሁ። ዐረብኛ ያስለመደኝ የግብፅ ድራማ ነው። የታሪክ ድራማዎቹ ብዙዎቹ በመጽሐፍ ዐረብኛ ስለሚሠሩ ይከብዱኝ ነበር። የግብፅ ኮሜዲ ግን የመንገድ ቋንቋ ነው፣ ቶሎ ይገባል።

የቤቱ አያት ጁሃን ከልቧ ትወድ ነበር። የዝሆኑን ተረት የሰማሁት ከእሷ ነው። ንጉሥ ቲሙር አንድ መንደር ላይ ዝሆን ለቀቀባቸው። ዝሆኑ አዝመራውን ጨረሰ፣ አጥሩን ሰባበረ። ሰዎቹ ተሰብስበው ጁሃ ጋ ሄዱ። «አንተ ቅደም፣ እኛ ከኋላህ ነን፣ ለንጉሡ አቤት እንበል» አሉት። እሺ ብሎ ፊት ፊት ሄደ። መንገድ ላይ አንዱ ጫማዬ ተበጠሰ ብሎ ቀረ። አንዱ ሚስቴ ታማለች አለ። አንዱ ምንም ሳይል በአጥር ተሰወረ። ጁሃ ድንኳኑ በር ላይ ደርሶ ዞር ቢል ማንም የለም።

ቲሙር «ምን ፈልገህ መጣህ?» አለው።

«ጌታዬ፣ ስለ ዝሆንዎ ነው።»

«ዝሆኔ ምን ሆነ?»

«ብቻውን ሲሆን አንጀታችንን በላው። ሚስት ትምጣለት ልንልዎ ነው።»

አያትየዋ እዚህ ስትደርስ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምኑ ነው ሞኝ? ነፍሱን አተረፈ፣ ጥለውት የሸሹትንም ቀጣቸው። ሰው ቤት የሠራች ሴት ሁሉ ይሄን ሥራ ታውቀዋለች። የማይሆን ትእዛዝ ሲመጣ «ማፊ መዕሉም»፣ አላውቅም ብለሽ ፊትሽን ባዶ ታደርጊያለሽ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «ምንጣፉን እጠቢ» ስትባዪ የገባሽ ሁሉ አይገባሽም። አንቺ ሞኝ አይደለሽም። እነሱ ሞኝ ናት ብለው እንዲተዉሽ ነው። እኔ ጁሃን ሳየው ያንን ነው የማየው። እና ብልህ ነው፣ በጣም ብልህ ነው። ብልህነቱን ማሳየት የማይችልበት ቦታ ላይ ያለ ሰው ነው።

ማታ_ተመልካች፦

ሰሚራ በጣም ገላጭ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የጁሃ ቀልድ አንዱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ረመዳን ደግሞ 30 ሌሊት ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዴት አድርገህ ነው ሰላሳ ክፍል የምትሞላው? እኔ የጀመርኳቸውን የዚህ ዓይነት ኮሜዲዎች ከመሃል ነው የማቋርጠው። እየደጋገሙ ያሰለቹኛል።

ጋሽ_መጽሐፍ፦

ልጆች፣ ጥሩ ወግ ነው የያዛችሁት። እኔ ከታሪኩ በኩል ልግባ።

ጁሃ የሚለው ስም በዐረብኛ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ ጥንታዊ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የባስራው አል-ጃሒዝ ይጠቅሰዋል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ኢብን አን-ነዲም የመጻሕፍት ዝርዝር ሲያዘጋጅ የጁሃ ቀልዶች የሚባል መጽሐፍ መኖሩን መዝግቧል። አዲል ያነሣው የአቡ ሙስሊም ወግ ደግሞ ኢብን አል-ጀውዚ ስለ ሞኞችና ስለ ዝንጉዎች ባጠናቀረው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ኢብን አል-ጀውዚ ያረፈው በ1201 እ.ኤ.አ. ነው። ትልቅ የሃይማኖት ሊቅና ሰባኪ ነበር። ይህን የሚያህል ሰው ቁጭ ብሎ የሞኞችን ወሬ መሰብሰቡ ራሱ ትምህርት ነው። ነፍስ መሳቅ እንደሚያስፈልጋት አምኖበታል።

ሰሚራ ልጄ የነገረችን የዝሆኑ ወግ ግን የሌላ ሰው ነው። በቱርክ አገር ናስረዲን ሆጃ የሚባል አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ ይነገራል፤ መቃብሩም አክሼሂር ከተማ ነው። መቃብሩ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር አለው፣ ዙሪያው ግን ግድግዳ የለውም። ሞቶም ያስቃል። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ተቀላቀሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የታተሙት መጻሕፍት የሆጃንና የጁሃን ወግ አንድ ላይ አድርገው ነው ያወጡት። ዛሬ ካይሮ ስትሄዱ፣ ባብ ዙወይላ አጠገብ ያሉት የድንኳን ሰፊዎች ጁሃን ከነአህያው በጨርቅ ቁርጥራጭ ሠርተው ይሸጡታል። ጥምጣሙ የትኛው ዘመን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ቲሙርም ቢሆን ከሆጃ ጋር አይገናኝም። ሆጃ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ፣ ቲሙር አናቶሊያ፣ ማለትም የዛሬዋ ቱርክ ምድር፣ የደረሰው በ1400 ገደማ ነው። ሕዝብ ግን ለትልቅ ቀልድ ትልቅ አስፈሪ ንጉሥ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ዘሎ አገናኛቸው።

ድራማ ሠሪው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ተረቱ ከኩፋ እስከ አክሼሂር፣ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ይንከራተታል። ካሜራ ግን ልብስ ይፈልጋል፣ ቤት ይፈልጋል፣ ሳንቲም ይፈልጋል። አንድ ዘመን መምረጥ ግድ ነው። «ግብፃዊው» ብሎ ሲነሣ ደራሲው ይህን ጥያቄ በድፍረት ቆርጦታል። ጁሃን ወደ ራሱ አገር አመጣው። እኔ ይህን አደንቃለሁ። ተረት ባለቤት የለውም፤ ያስተናገደው ሕዝብ ሁሉ ባለቤቱ ነው። ዩኔስኮ በ2022 የሆጃን ወጎች የመተረክ ባህል ሲመዘግብ ለሰባት አገሮች በጋራ ነው የመዘገበው፤ ቱርክ፣ አዘርባጃን፣ ካዛኪስታን፣ ኪርጊዝስታን፣ ታጂኪስታን፣ ቱርክሜኒስታንና ኡዝቤኪስታን።

አዲል_ደሴ፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። የጓጉንቸሩን ነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሰሚራ፣ የጻፍሽው ልቤን ነካው። የምትይውን «ማፊ መዕሉም» ማንም ዐረብ አገር የኖረ ሰው ይረዳዋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ «አልገባኝም» ስትዪ ማዳሟ የምር እንዳልገባሽ ካላመነች ይሠራ ነበር? አይሠራም። ስለዚህ ፊትሽ ባዶ መሆን ነበረበት። እኔም የምለው ያንን ነው። ድራማው ውስጥ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን እኔ ተመልካቹም ልጠራጠር። «ይሄ ሰውዬ የምር ለዝሆኑ አዝኖ ቢሆንስ?» ልበል። ያንን ጥርጣሬ ካጣሁ ቀልዱ ወደ ፖለቲካ ንግግር ይቀየራል።

ሰሚራ_ጂዳ፦

ገባኝ አዲል። ለተዋናዩ ከሆነ እሺ፣ ፊቱ ባዶ ይሁን። እኔ የማልቀበለው ሰውዬው ውስጡም ባዶ ነው የሚለውን ነው። ተመልካች ሁለት ዓይነት ነው። የሚያዝዝ ተመልካች ሞኙን ያያል። የሚታዘዝ ተመልካች ብልሁን ያያል። አንድ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ክፍል እያዩ። የቤቱ ሰዎች ሲስቁ እኔም ከኋላ ቆሜ እስቅ ነበር። የሳቅንበት ግን አንድ አይደለም።

መድረክ_ሰው፦

@ማታ_ተመልካች፣ ጥያቄህ የሙያ ጥያቄ ነው፤ ቴአትር ላይ ስለሠራሁ ልመልስ።

ሦስት ዓረፍተ ነገር 30 ክፍል አይሞላም። ያንን የሞከረ ይወድቃል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በየቀኑ አዲስ ወግ አምጥቶ እዚያው መጨረስ ነው። ቀላል ነው፣ ለልጆችም ይመቻል፣ ግን ነገ እንድታይ የሚያስገድድህ ነገር የለም። ሁለተኛው አንዱን ወግ የታሪኩ ምሰሶ ማድረግ ነው።

የሁለተኛው ምርጥ ምሳሌ የጁሃ ሚስማር ነው። ጁሃ ቤቱን ሸጠ። «ግድግዳው ላይ ያለው አንድ ሚስማር ግን የኔ ነው፣ እሱን አልሸጥኩም» አለ። ገዢው ሚስማር ምን ያደርጋል ብሎ ተስማማ። ከዚያ ጁሃ ይመጣል። «ሚስማሬን ልይ።» በነጋታው ይመጣል። «ካባዬን ልስቀልበት።» በምሳ ሰዓት ይመጣል፣ በመኝታ ሰዓት ይመጣል። በመጨረሻ የሞተ እንስሳ አምጥቶ ሰቀለበት። ሽታው ሲበዛ ገዢው ቤቱን ትቶ ሄደ።

በ1951 ዓሊ አሕመድ ባከሲር ይህን ወግ ሙሉ ቴአትር አደረገው። ባከሲር የሐድረሞት ሰው ልጅ ሆኖ ኢንዶኔዥያ ሱራባያ የተወለደ፣ ካይሮ ላይ የጻፈ ሰው ነው። ዘመኑን አስተውሉ። እንግሊዞች ከግብፅ ወጥተናል ይላሉ፣ ጦራቸው ግን ስዊዝ ካናል ላይ ተቀምጧል። ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት የ1936 ውል የቀረችላቸው መብት ናት፤ ቴአትሩ በወጣበት በ1951 ጥቅምት ላይ ነው ግብፅ ውሉን የሰረዘችው። ተመልካቹ ሚስማሩ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገባው። ዛሬም ዐረቦች አንድ ሰው ሰበብ ይዞ አልለቅ ሲል «የጁሃ ሚስማር» ይላሉ።

ዩስሪ አል-ጊንዲ የመጣው ከዚህ ወግ ነው። እሱም መነሻው መድረክ ነው። የሕዝብ ትረካ እያነሣ ለዛሬ ጥያቄ ማዋል ዋና ሥራው ነበር። በ1985 ፋሩቅ አል-ፊሻዊ የተጫወተበትን «ዓሊ አዝ-ዘይበቅ»ን የጻፈው እሱ ነው፤ እዚያም የሕዝብ ብልጣ ብልጥ ከባለሥልጣን ጋር ይተናነቃል። በ2022 ነው ያረፈው። እና አዲል የሚፈራው ስብከት ከየት እንደሚመጣ ይታየኛል። ደራሲው የሚለው ነገር አለው። 30 ሌሊት ሲሰጠው ሊለው ይፈልጋል። ጥሩ አዘጋጅ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

በነገራችን ላይ ፈኽራኒ በካይሮ ብሔራዊ ቴአትር የሼክስፒሩን ንጉሥ፣ ኪንግ ሊርን ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተጫውቷል። እዚያ ተውኔት ላይ ለንጉሡ እውነቱን የሚነግረው ሞኙ አጫዋች ነው። አንድ ተዋናይ ንጉሡንም ሞኙንም ከውስጥ ማወቁ ሥራው ላይ ይታያል። በ2012 ደግሞ «አል-ኸዋጋ ዐብደልቃድር» ላይ የሱፊን መንገድ ያገኘ እንግሊዛዊ ሆኖ መጣ። እሱም በዓለም ዓይን ሞኝ፣ በሌላ ዓይን ሌላ የሆነ ሰው ነው። ያላያችሁት ካላችሁ ከጁሃ ቀጥላችሁ እዩት።

ቅኔ_ወዳጅ፦

እኔ ከእኛው አገር አንድ ነገር ላንሣ። ይሄን ክር የሚያነብ ሐበሻ ሁሉ በሆዱ አለቃ ገብረ ሐናን እያሰበ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። ችግራችንም እሱ ይመስለኛል።

አለቃ ገብረ ሐና ሞኝ አይደሉም። ሊቅ ናቸው። የፎገራ ሰው፣ የተክሌ አቋቋም በእሳቸው የሚነሣ፣ በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ቤተ መንግሥት የሚፈሩ። ቀልዳቸው ከምላስ ስለት ነው። አንድ ቃል ወርውረው ሰውዬውን ያቆስሉታል። ሰሙን ሰምተህ ስትስቅ ወርቁ ቤትህ ስትገባ ይደርስሃል። እኛ ያደግነው በዚህ ስለሆነ ጁሃንም እንደዚያ እናነበዋለን። «ውስጡ ምን ይሆን?» እያልን እንቆፍራለን።

ጁሃ ግን ምላስ የለውም። አሥር አህያ ይዞ ይሄድና አንዱ ላይ ተቀምጦ ሲቆጥር ዘጠኝ ይሆንበታል። ወርዶ ሲቆጥር አሥር። ሲወጣ ዘጠኝ። በመጨረሻ «አንድ አህያ ከማጣ በእግሬ ልሂድ» ብሎ ይነዳቸዋል። ይሄ ምን ወርቅ አለው? ምንም። ሰውዬው መቁጠር አቃተው። ሙሉ ቀልዱ ያ ነው፣ ደግሞም በጣም ያስቃል። አዲል ልክ ነው። አንዳንዱን ሞኝነት ሞኝነት ሆኖ ተዉት።

አለቃን በዚህ የሚመስሏቸው ሲሸነፉ ብቻ ነው። አህያ የምትነዳዋን ሴት «እንዴት አደርሽ የአህያ እናት» ሲሏት «እንዴት አደርክ ልጄ» ያለቻቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ሕዝቡ ሊቁንም አንድ ቀን አዋረደው፤ ያንንም እየወደደ ይተርከዋል።

ሰሚራ_ጂዳ፦

ቅኔ ወዳጅ፣ የአህዮቹን ተቀብያለሁ። እሱ ላይ ተረታሁ 😄

ኡሙ_ኻሊድ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። ስታወሩ ሁለት ሰዎች እየተቀላቀሉባችሁ መሰለኝ። ሰሚራ የምታወራው ስለ ጁሃ ሳይሆን ስለ ባህሉል ነው።

ባህሉል በኻሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የነበረ የኩፋ ሰው ነው። ባግዳድ ውስጥ በእንጨት ላይ ተቀምጦ እንደ ፈረስ እየጋለበ ከልጆች ጋር ይሮጣል። እብድ ነው ይሉታል። ዳኝነት እንዳይሾሙት ብሎ እብድ መሰለ የሚሉም አሉ። የእሱን ዓይነት ሰዎች ወሬ ብቻ የሰበሰበ መጽሐፍ አለ። ጸሐፊው አን-ነይሳቡሪ ነው፣ በ406 ሒጅራ ያረፈ። «ብልህ እብዶች» ነው የሚላቸው።

እኛ ቂርአት ቤት ሳለን የሰማነው ይሄ ነው። ባህሉል አንድ ቀን የሃሩን ዙፋን ባዶ ሆኖ አገኘው። ሄዶ ተቀመጠበት። ዘበኞቹ እየደበደቡ ጎትተው አወረዱት። ሃሩን ሲገባ ባህሉል ያለቅሳል። «ምን ሆነህ ነው፣ አመመህ?» አለው። «ለራሴ አይደለም የማለቅሰው፤ ላንተ ነው። እኔ ለአፍታ ብቀመጥበት ይሄን ያህል ተገረፍኩ። አንተ ስንት ዓመት የተቀመጥክበት ምን ይጠብቅህ ይሆን?»

ይሄ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ሞኝነቱ መጠለያው ነው፣ አላህን ስለሚፈራ ንጉሥ አይፈራም። ጁሃ እንደዚህ አይደለም። ጁሃ አህያው ሲጠፋ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ለምን ሲሉት «ላዩ ላይ ብሆን ኖሮ እኔም አብሬ ጠፍቼ ነበር» ይላል። አንዱ ብልህ ሆኖ ሞኝ መሰለ። አንዱ ሞኝ ሆኖ አንዳንዴ እውነት ላይ ይወድቃል። ድራማ የሚሠሩ ሰዎች ጁሃን አንሥተው የባህሉልን ንግግር ሲያስነግሩት ነው አዲል የሚቆጣው።

አዲል_ደሴ፦

ኡሙ ኻሊድ፣ እኔ በብዙ መስመር ልል የፈለግኩትን እርስዎ ባጭሩ አሉት። ጀዛኪላህ ኸይር። ልክ ነው፣ የባህሉልን ንግግር ከጁሃ አፍ ስሰማ ነው ሆዴ የሚከፋው። የባህሉል ንግግር ትልቅ ነው፣ ግን ቦታው አይደለም።

ሲኒማ_ቤት፦

ስለ ንጹሁ ሞኝ ካነሣችሁ በ1958 የወጣውን የጁሃ ፊልም ሳልጠቅስ አላልፍም። ዣክ ባራቲዬ የሠራው፣ ቱኒዚያ ውስጥ የተቀረፀ፣ ካን ፌስቲቫል ላይ የታየ። ጁሃን ሆኖ የተጫወተው ወጣቱ ኦማር ሸሪፍ ነው። ቱኒስ የተወለደችው ክላውዲያ ካርዲናሌም ገና ጀማሪ ሳለች ትንሽ ቦታ ላይ አለችበት። እዚያ ጁሃ መልከ መልካም ወጣት ነው፣ ተንኮል የማያውቅ። ሳቁም አለ፣ መጨረሻው ግን ያሳዝናል። ንጹሕ ሞኝ በብልጦች መሃል ሲገባ ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ ነው። ኮሜዲ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትገቡበት።

የአዳማ_እናት፦

ይቅርታ፣ ወግ ላቋርጥ። ለልጆች ይሆናል ወይ? ልጆቼ ዐረብኛ ትምህርት ጀምረዋልና ቀለል ያለ ነገር ፈልጌ ነው።

ጋሽ_መጽሐፍ፦

እህቴ፣ በጥንቶቹ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ጁሃ ለልጅ አይሆንም። ብዙ ነውር ያለባቸው ወጎች አሉ፣ የጥንት ሊቃውንት ሳያፍሩ ነው የጻፏቸው። የቲቪው ጁሃ ግን ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰብ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲያየው ስለሚሠራ ያ ሁሉ ተጠርጎ ወጥቷል። ልጆቹ ሊማሩበት ከሆነ መጀመሪያ የልጆች ተረት መጽሐፉን ይያዙ። «ድስቷ ወለደች» የሚለውን ይውደዱት። ጁሃ ከጎረቤት ድስት ተውሶ ሲመልስ ትንሽ ድስት ጨምሮ «ወለደች» ይላል፣ ጎረቤቱ ደስ ብሎት ይቀበላል። ሌላ ጊዜ ትልቁን ድስት ተውሶ «ሞተች» ይላል። «ድስት ይሞታል እንዴ?» ሲለው «ስትወልድ ያመንከኝ ስትሞት ለምን አታምነኝም?» ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ የቤት ቃል ነው።

የአዳማ_እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ድስቷን ለባለቤቴ ነግሬው እስካሁን እየሳቀ ነው።

አንድ ነገር ግን ልበል። በእነዚህ ወጎች ሁሉ የጁሃ ሚስት ለምን ነዝናዛ ብቻ ትሆናለች? ሰውዬው ቤቱን ለሚስማር ሲሸጥ፣ አህያ ሲያጠፋ፣ ድስት ሲገድል፣ እራት የምታበስለው ማናት? 30 ክፍል አለን ካሉ ለእሷ ትንሽ ይስጧት።

መድረክ_ሰው፦

የአዳማዋ እህታችን በጣም ልክ ነሽ። እኔ ጁሃን መድረክ ላይ ባወጣ የምጀምረው ከሚስቱ ነው። ለዚያም የሚሆን ወግ አለ። ጁሃና ሚስቱ አህያውን ማን ያብላው በሚል ተጣሉ። «መጀመሪያ የተናገረ ያበላዋል» ብለው ተወራረዱ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤት ሄደች። እሱ ጥግ ይዞ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ሌባ ገባ። ጁሃ ዝም። ሌባው ምንጣፉን ጠቀለለ። ዝም። ሣጥኑን አወጣ። ዝም። ሌባው ራሱ ግራ ገብቶት ሰውዬው ፊት ቆሞ አየው። ዝም። በመጨረሻ ከራሱ ላይ ቆቡን ወስዶበት ሄደ። ሚስትየዋ ስትመለስ ቤቱ ኦና ሆኗል። «ጉድ! ቤታችን ምን ሆነ?» ብላ ጮኸች። ጁሃ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ተናገርሽ! ሂጂ አህያውን አብይ!» አለ።

ለተዋናይ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም። አንድም ቃል የለውም እኮ፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር። ካሜራው ከጁሃ ፊት ሳይነሣ ዕቃው ሁሉ ከኋላው ይወጣል። አዲል ያለው ባዶ ፊት እዚህ ጋ ነው የሚፈተነው።

ሰሚራ_ጂዳ፦

ካሜራው ከሚስትየዋ ጋር ጎረቤት ይሂድ እንጂ። እሷ እዚያ ቡና እየጠጣች «ዛሬስ አሸንፈዋለሁ» እያለች፣ እኛ ቤቱ እየተዘረፈ እንደሆነ እያወቅን። የሚያስቀውም የሚያናድደውም እሱ ነው።

አዲል_ደሴ፦

ሁለታችሁም ይሄን ክፍል ብትጽፉት የመጀመሪያው ተመልካች እኔ ነኝ። ኡሙ ኻሊድ፣ ስለ ባህሉል ለብቻው ክር ልክፈት፤ የዙፋኑን ዓይነት ወግ ካለዎት እዚያ ያምጡልን። ማታ_ተመልካች፣ አንተ ደግሞ ካቋረጥክበት ክፍል ቀጥልና ከመሃል የሚያሰለችህ የትኛው ቦታ እንደሆነ ንገረን።